ቦታ አለኝ ያለው ዲስክ

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ቻርጅ አልይዝ ብሎኝ ወደ ጎንደር ፒያሳ ወረድሁ። ጠጋኙ ሰውዬ የስልኩን ሆድ ከፍቶ በጋለ ብረት ቆርቆሮ ሲያቀልጥ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክና የሞቀ አቧራ ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፤ የቆምሁበትንም ቦታ ረሳሁ። ሰውየው ይህን አላየም። ጥፍር የምታህል ጥቁር ካርድ በጣቱ ጫፍ አንስቶ፣ «ጋሼ፣ ይቺን ልጨምርልዎ? ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ጊጋ ናት። ዕድሜ ልክዎን ቢያነሱ አትሞላም» አለኝ። አትሞላም የምትለዋን ቃል ስሰማ ካርዷን ወደ እሱ መልሼ ገፋኋት። «አልፈልግም» አልሁት። ሳላስበው ጮክ ብዬ ኖሮ ቀና ብሎ አየኝ። ስልኬን ተቀብዬ ወጣሁና አዲስ በተነጠፈው የእግረኛ መንገድ ላይ፣ አዲስ በተተከሉት መብራቶች ሥር፣ ሳልቀመጥ ብዙ ተጓዝሁ። ያ ሽታ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

ፎቶ አንሺ በነበርሁበት ዘመን ፎቶ ቤቴ ከፒያሳ ወደ አራዳ ገበያ በሚወስደው መንገድ ጥግ፣ ጣሊያን ከሠራው ቢጫ ግንብ ምድር ቤት ነበር። በስተግራዬ ካሴት ቤት፣ በስተቀኜ ልብስ ሰፊ። የካሴት ቤቱ ባለቤት ድምፅ ማጉያውን በሩ ላይ ሰቅሎ ከጧት ጀምሮ ክራርና ማሲንቆ ሲያስጮህ፣ ልብስ ሰፊው ዘፈኑን እየተከተለ የስፌት መኪናውን ይረግጥ ነበር፤ ዘፈኑ ሲፈጥን ስፌቱም ይፈጥናል። ጉርድ ፎቶ አራቱን በሦስት ብር አነሳለሁ። ግድግዳው ላይ በምስማር ያንጠለጠልሁት አንድ ቡናማ የተተረን ኮትና አንድ ቀይ ክራቫት ነበረኝ፤ ከአምባ ጊዮርጊስም ሆነ ከትክል ድንጋይ ለገበያ የመጣ ገበሬ ያንን ኮት በቁምጣው ላይ ደርቦ ከወገቡ በላይ ይነሳል። ስንት ሰው በዚያ ኮት እንደተነሳ እግዜር ይወቀው። ዛሬም በብዙ የገጠር ቤት ግድግዳ ላይ ያ ኮት አለ፤ ውስጡ ያለው ሰው ብቻ ይለያያል። ሴቶቹ አረንጓዴ ጥለት ያለው ቀሚሳቸውን ያስተካክላሉ፣ ኮንጎ ጫማቸውን ከበሩ ላይ አውልቀው ይገባሉ፤ «ኧረ እግራችሁ አይታይም፣ ተጫምታችሁ ግቡ» ብላቸውም አይሰሙኝም።

የቪዲዮ ካሜራዋ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። በሱዳን በኩል የመጣ ነጋዴ የሸጠልኝ ናት፤ ትከሻ ላይ የምትቀመጥ፣ ትልቅ ካሴት የምትውጥ፣ ተሸክሜያት የዋልሁ ቀን ቀኝ ትከሻዬ ከግራው ዝቅ ብሎ እስኪታይ የምትከብድ። ጥምቀትን ቀሐ ወንዝ ዳር በእሷ አነሳሁ፤ ካህናቱን፣ ጃንጥላውን፣ ልብሱን ሳያወልቅ ውኃው ውስጥ የሚዘለውን ጎረምሳ። ሰው ራሱን በቴሌቪዥን ለማየት ፎቶ ቤቴ በር ላይ ይሰለፍ ነበር። ያኔ ያነሳሁት ነገር ሁሉ የሚቀር ይመስለኝ ነበር።

የወለቃ ቤተ እስራኤሎች መሄድ የጀመሩት በዚያው ሰሞን ነው። ወለቃ ከከተማው ወጣ ብላ በሰሜኑ መንገድ ዳር ያለች መንደር ናት፤ ወንዶቹ ብረት ቀጥቃጮች፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። እኔ ያደግሁበት ቤት ውስጥ የነበረው እንስራም ድስትም ከእነሱ እጅ የወጣ ነው። በዚያ በኩል ባለፍሁ ቁጥር አንድ ቤት ተዘግቶ አያለሁ። ባለፈው ሳምንት ጭስ ይወጣው የነበረ ጣሪያ በዚህ ሳምንት ጭር ብሏል። ሰዎቹ ያላቸውን ሸጠው ወደ እስራኤል ለመሻገር አዲስ አበባ ይወርዳሉ፤ ከመውረዳቸው በፊት እኔ ዘንድ መጥተው ይነሳሉ። አንድ ጧት እማማ ስንዱ የሚባሉ ሸክላ ሠሪ ብቻቸውን መጡ። ቀጭን ረጅም ሴት ናቸው። ጭቃው የጥፍራቸው ሥር ድረስ ገብቶ ደርቋል።

«ፎቶ አይደለም የምፈልገው» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ። «ያችን ቃል የምትይዘዋን ነው።»

«ለማን ነው እማማ?»

«ለሌለች ልጅ።»

በማግሥቱ ካሜራዋን ተሸክሜ ወለቃ ሄድሁ። በመንገድ ላይ ጎረቤታቸው ነገሩን ነገረኝ። የመጨረሻ ልጃቸው ዝናሽ ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ ክርስቲያን ወድዳ፣ ተጠምቃ፣ ትክል ድንጋይ ገብታለች። አባቷ በዚያው ቀን እንደ ሞተች ቆጥሮ ለቅሶ ተቀመጠላት፤ ዓመት ሳይሞላውም እሱ ሞተ። ከዚያ ወዲያ እማማ ስንዱ የልጅቱን ስም በአፋቸው ጠርተው አያውቁም። አሁን ደግሞ ሊሄዱ ነው።

ከቤታቸው ደጅ፣ ካልተሸጡት ማሰሮዎች መካከል በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ካሜራዋን ከፈትሁ። መጀመሪያ የተናገሩት ቁጣ ነበር። «ዝናሽ፣ እኔ ልጅ የለኝም ብያለሁ። አባትሽን በቁሙ የቀበርሽው አንቺ ነሽ። ደጄን ረግጠሽ ስትወጪ ዞር ብለሽ አላየሽኝም።» ድምፃቸው አይንቀጠቀጥም፤ ለብዙ ዓመት ሲዘጋጁበት የኖሩት ነገር ነው። በዚህ ዓይነት አራት ደቂቃ ያህል ሄዱ። ከዚያ ዝም አሉ። እጃቸውን አገላብጠው አዩት። በዚያች ሰዓት የካሜራዋ ባትሪ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ፤ እኔ ደግሞ ሌላ ባትሪ አልያዝሁም ነበር። እማማ ስንዱ እንደገና መናገር ሲጀምሩ ድምፃቸው ሌላ ሆኖ ነበር፤ ለስልሶ፣ ዝቅ ብሎ። ማልቀሳቸውን አውቃለሁ። ይቅርታ መስጠታቸውን አውቃለሁ። ልጅነቷን እያነሱ ስለ አንድ ነገር፣ ስለ ውኃ መቅጃ መንገድ ይመስለኛል፣ ሲናገሩ ሳቅም ብለው ነበር። ዓይኔ ግን ከቀዩ መብራት ላይ አልተነሳም። አሁን ጠፋ፣ አሁን ጠፋ እያልሁ ነበር። ሲጨርሱ ባትሪው አልጠፋም፤ እፎይ አልሁ። የእፎይታዬን ያህል ቃላቸውን ብሰማ ምን ነበረበት?

ካሴቱን አወጣሁና ጀርባው ላይ «ወለቃ፣ እናት» ብዬ ጻፍሁ። ልሰጣቸው ስዘረጋ አልተቀበሉኝም።

«አንተ ዘንድ ይሁን። ፈልገህ እንዳትሄድባት። በእግሯ መጥታ ከጠየቀችህ አሳያት። ካልመጣች ግን ይቅር።»

«እሺ እማማ።»

«እሺ በል ብቻ አይደለም። ጠብቀው።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያ ሳልፍ በራቸው ተዘግቶ ነበር። ማሰሮዎቹ ግን ደጁ ላይ እንደ ተደረደሩ ቀርተዋል።

ዝናሽን ያየኋት ከስድስት ወይም ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። ትክል ድንጋይ አጠገብ ለሰርግ ተጠርቼ ዳሱ ውስጥ ስዞር፣ ጠላ የምትቀዳ ቀጭን ረጅም ሴት አየሁ፤ የእናቷ አፍንጫና የእናቷ አቋቋም ነው። ማንነቷን ሳልጠይቅ አወቅሁ። ዋንጫውን ስታቀብለኝ፣ «ከጎንደር ነህ አሉ። የወለቃ ሰዎችን አንስተህ ታውቃለህ?» አለችኝ። «ብዙ ሰው አንስቻለሁ» አልሁ። ዋንጫውን እንደ ያዘች ትንሽ ቆመች። ሌላ የምትጠይቀኝ መሰለኝ። እኔም አንድ ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን «ፈልገህ እንዳትሄድባት» የሚለው ትእዛዝ ትዝ አለኝና ዋጥሁት። ሙሽሪት ወጣች ተብሎ ተጠራሁ። ካሜራዬን ተሸክሜ ስዞር፣ ማሰሮዋን ይዛ ወደ ጓዳ ስትገባ አየኋት።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። ካሜራዎቹ አነሱ፣ ካሴቶቹም አነሱ፣ ካሴት ቤቱ ወደ ጫማ መሸጫ ተለወጠ። ጉርድ ፎቶም ዋጋው እጥፍ ድርብ ሆነ፤ ኮቱን የሚዋስ ግን ጠፋ፤ ሰው የራሱን ጃኬት ለብሶ መምጣት ጀመረ። እኔም ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣ አሮጌ ኮምፒውተር ገዛሁ። ነጭ ነበር ይባላል፤ እኔ ዘንድ ሲመጣ የበቆሎ ቂጣ መስሏል። ሲከፈት እንደ ወፍጮ ይጮሃል፤ ሰዓት ሲቆይ ደግሞ ከጀርባው ያ የሞቀ አቧራ ሽታ ይወጣል። ክረምት ላይ ጣሪያዬ አፈሰሰና የካሴቶቹ መደርደሪያ ረጠበ። ካሴቶቹን ስከፍታቸው ነጭ ሻጋታ ክሩ ላይ እንደ ጤዛ ተጋግሯል። ደነገጥሁ። የቻልሁትን ያህል እየጠረግሁ፣ አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተሩ መገልበጥ ያዝሁ። መጀመሪያ ከገለበጥኋቸው መካከል አንዱ የእማማ ስንዱ ነው። ምስሉ አንዳንድ ቦታ እየተንቀጠቀጠ፣ ሙሉውን አገኘሁት። እንኳን አልጠፋ ብዬ ደስ አለኝ፤ ግን እየተገለበጠ ሳለ ደንበኛ መጥቶ ስለነበር ቁጭ ብዬ አልሰማሁትም። ነገ እሰማዋለሁ አልሁ።

የኮምፒውተሩ የውስጥ ዲስክ ወዲያው ሞላ። ከአዲስ አበባ አንድ ዕቃ አመላላሽ በገመድ ከውጭ የሚሰካ ትልቅ ዲስክ አመጣልኝ፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ጊጋ፣ ግራጫ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ። ሁሉንም ወደ እሱ አሻገርሁ። ስክሪኑ ላይ ሰማያዊና ሮዝ ክብ ይታያል፤ ሮዙ ባዶው ቦታ ነው፤ ከግማሽ በላይ። እሱን ሳይ እንደ ሰፊ መሬት ያለ ነገር ይታየኝ ነበር። የሻገቱትን ካሴቶችም ጓሮ አውጥቼ አቃጠልኋቸው። ጭሱ ጥቁርና ወፍራም ነበር፣ ጉሮሮ ይይዛል። ልብስ ሰፊው በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ «ደሴ፣ ምን እያቃጠልህ ነው፣ ታንቀን ልንሞት ነው» አለኝ። «አሮጌ ነገር ነው» አልሁት።

ከመንገዱ ማዶ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ የከፈተች ራሄል የምትባል ሴት ነበረች። ቁም ነገረኛ ናት፤ አትስቅም፣ ግን ከጠሯት ትመጣለች። አንድ ቀን ማተሚያዬ ተበላሽቶ ስትመጣልኝ ዲስኩን አየችው። ሳጥኑን ገልብጣ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አነበበች፤ ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፍታ መረመረች።

«ጋሽ ደሴ፣ እዚህ ላይ ስንት አለ?»

«መቶ አሥር ያህል ተይዟል። ገና ብዙ ቦታ አለው።»

«የለውም» አለች። «ኮምፒውተሩም አሮጌ ነው፣ ዲስኩ የተቀመጠበት ሳጥንም አሮጌ ነው። ከመቶ ሠላሳ ሰባት ጊጋ በላይ መቁጠር አይችሉም። ሲሠሩ እንዲህ ያለ ትልቅ ዲስክ ይመጣል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።»

«ከዚያ ካለፈ ይቆማል?»

«ቢቆምማ ጥሩ ነበር። አይቆምም። ቁጥሩ ሲያልቅበት ከአንድ ይጀምራል። አዲሱን ወስዶ መጀመሪያ በተጻፈው ላይ ይጽፈዋል። ድምፅ አያሰማም፣ ስህተት ነው አይልም።»

«ግን ቦታ አለ ይላል እኮ!» ሮዙን በጣቴ አሳየኋት።

«ይላል» አለች ራሄል። «ዲስኩ ትልቅነቱን ነግሮታል፤ እሱም ያንኑ ነው የሚያሳይዎት። ሌላ ዲስክ እስኪገዙ ድረስ ከመቶ ሃያ አያሳልፉት።» ወረቀት ቀድዳ «ከ120 አይለፍ» ብላ ጻፈችና በፕላስተር ሳጥኑ ላይ ለጠፈችልኝ። ከሄደች በኋላ ክቡን ደጋግሜ አየሁት። ጤነኛ ነገር ነው የሚመስለው። የመጀመሪያዎቹን ፋይሎች ከፈትኋቸው፤ ሁሉም ይሠራሉ። ልጅቷ ትጠነቀቃለች እንጂ ምንም የለም የሚል ሐሳብ የዚያን ቀን ነው ልቤ ውስጥ የገባው።

ዝናሽ የመጣችው ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን ነው። ከወለቃው ቀን ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ጥቁር ነጠላ አጣፍታ በሩ ላይ ቆመች።

«አያ ደሴ የሚሉህ አንተ ነህ?»

«ነኝ። ግቢ።»

«ዝናሽ ነኝ። የስንዱ ልጅ።» ገብታ ተቀመጠች፤ እንደ እናቷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ። «እናቴ እዚያው ሞታለች። ወር ሆናት። ከእስራኤል ለጉብኝት የመጣ የአጎቴ ልጅ ነው መርዶውን የነገረኝ። ቃሏን ለፎቶ አንሺው ትታልሻለች ያለኝም እሱ ነው።»

«እውነት ነው። ትታልሻለች።»

«ለቅሶ አልተቀመጥሁም» አለች። «ጎረቤቶቼ ምነው ዝናሽ፣ ምነው እናትሽን አታለቅሽም ይሉኛል። በምን አፌ? ልጄ አይደለሽም ብላ ከሄደች የማን እናት ብዬ ነው የማለቅሰው? ልጄ ናት ብላ እንደሆነ ግን… እሱን ሰምቼ ልቀመጥ ብዬ ነው የመጣሁ።»

የዚያን ቀን መብራት አልነበረም። ከረቡዕ ጀምሮ ከፒያሳ እስከ አራዳ ጨለማ ነበር። «ሰኞ ነይ» አልኋት። «ሰኞ ሙሉውን ታይዋለሽ።»

ስትነሳ በሩ ላይ ዞር ብላ፣ «ምን አለች? በአንድ ቃል ንገረኝ» አለችኝ።

«ከአፏ ብትሰሚው ይሻላል» አልሁ። ሸጋ ነገር ያደረግሁ መስሎኝ ነበር። ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ አድርጋ ወጣች።

ዓርብ ከሰዓት በፊት መብራት መጣ። ከመብራቱ ጋርም አንድ ነጋዴ የልጁን ሰርግ ካሴቶች ይዞ ገባ፤ የሰርግ ሰሞን ነው፣ ሙሽሮቹ ሰኞ ሊሄዱ ነው፣ ከዚያ በፊት ይድረስልኝ አለ። ስድስት ካሴት ነው። አንዱ ካሴት አንድ ሰዓት ነው፣ አሥራ ሦስት ጊጋ ይበላል። ሌላ ዲስክ የለኝም። ዲስኩ መቶ አሥራ ስምንት ላይ ደርሷል። የራሄል ወረቀት ፊቴ ላይ አለ። ክቡም ፊቴ ላይ አለ፤ ሮዙ ሰፊ ነው። አንድ ሰርግ ብቻ፣ ሰኞ አጠፋዋለሁ አልሁ። የመጀመሪያውን ካሴት አስገባሁ። መቶ ሠላሳ አንድ። ምንም አልሆነም። ሁለተኛውን አስገባሁ፤ ዓይኔን ከቁጥሩ ላይ አልነቀልሁም። መቶ ሠላሳ ሰባት። መቶ ሠላሳ ስምንት። መቶ አርባ። ኮምፒውተሩ እንደ ወትሮው ይጮሃል፤ ስክሪኑ ላይ ሙሽሪት ትጨፍራለች። ሳቅሁ፤ ብቻዬን። ቅዳሜ የቀሩትን ገለበጥሁ፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስቆርጥና ስቀጥል ዋልሁ። ኮምፒውተሩን በመካከል አላጠፋሁትም።

ሰኞ ጧት ዝናሽ ከመምጣቷ በፊት የእናቷን ፋይል ልሞክረው ብዬ ከፈትሁ። እማማ ስንዱ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። «ዝናሽ፣ እኔ ልጅ የለኝም ብያለሁ» አሉ። ቁጣው እንዳለ ነው፣ አንድ ቃል አልጎደለም። አራተኛው ደቂቃ ላይ ዝም አሉ፤ እጃቸውን አገላብጠው አዩ። ሊናገሩ ቀና ሲሉ ፊታቸው በአራት ማዕዘን እየተቆራረጠ ተበተነ፤ ከበሮ ጮኸ፤ የነጋዴው ልጅ ሙሽራ በነጭ ቬሎ እየሳቀች ወደኔ መጣች። አስቆምሁት። እንደገና ከመጀመሪያው አስኬድሁት። እንደገና ዝም አሉ፣ እጃቸውን አዩ፣ ሙሽሪት መጣች። ወደ ፊት ገፋሁት፤ እስክስታ፣ ድግስ፣ አጃቢ፣ ኬክ። የፋይሉ ስም አሁንም «ወለቃ፣ እናት» ነው። ርዝመቱም ያው ነው። ክቡም አሁንም ሮዝ ቦታ አለኝ ይላል።

መንገዱን ሮጬ ተሻገርሁ። ራሄል ፊቴን አይታ፣ «ኮምፒውተሩን አላጠፉትም አይደል?» ነው ያለችኝ መጀመሪያ።

«አላጠፋሁም።»

«እንዳይነኩት። ከጠፋ ተመልሶ አይከፈትም። መጀመሪያ ላይ የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚናገረው የዲስኩ ማውጫ ነው ያለው፤ እሱም ተጽፎበታል ማለት ነው። አሁን ኮምፒውተሩ ማውጫውን የያዘው በሐሳቡ ብቻ ነው።»

ፎቶ ቤቴ መጥታ የምትችለውን ያህል በሲዲ እየጻፈች ማውጣት ጀመረች። «መብራት ባይጠፋ» ትላለች በየመካከሉ፣ ለራሷ። አምፖሉ አንዴ ደብዘዝ ሲል ሁለታችንም ወደ ላይ አየን። የእማማ ስንዱን አራት ደቂቃ አወጣች፤ የቀረውን ፈልጋ ፈልጋ አጣችው። «ከሥር የለም ጋሽ ደሴ። የተሸፈነ አይደለም፤ ተጽፎበታል። ፋይሉ ሁለት ቦታ ተቆርጦ ነበር የተቀመጠው፤ ከዲስኩ መጀመሪያ ላይ የወደቀው የኋለኛው ቁራጭ ነው። ዋናው ካሴት የት አለ?» አለችኝ። ያን ጥቁር ጭስ ነገርኋት። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ስድስተኛው ሲዲ ላይ መብራት ሄደ። ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ዲስኩን አያውቀውም፤ ባዶ ነው፣ ላዘጋጀው ወይ ብሎ ይጠይቃል።

ዝናሽ ራሄል ማሠልጠኛ ውስጥ ጠብቃ፣ መብራት ሲመለስ እዚያው በራሄል ኮምፒውተር አየችው። ምን እንደ ተፈጠረ ቀድሜ ነግሬያታለሁ፤ ግን የሰማችኝ አልመሰለኝም። እናቷ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲሉ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። አራቱን ደቂቃ ሙሉ አልተንቀሳቀሰችም። «ልጅ የለኝም ብያለሁ» ሲሉ ዓይኗን አልጨፈነችም። ምስሉ እጃቸው ላይ ቆመ። ራሄል ተነሥታ ወደ ውጭ ወጣች።

«አለቀ?» አለች ዝናሽ።

«አላለቀም። ከዚህ በኋላ ነው ዋናው። አለቀሰች። ይቅር ብያታለሁ አለች። ልጅነትሽን አንስታ ሳቀች፤ ስለ ውኃ መቅጃው መንገድ…»

«ስለ ውኃ መቅጃው ምን?»

አላውቅም። «አብራችሁ ስትሄዱ…» ብዬ ጀመርሁና አቆምሁ።

«ልጄ ብላ ጠርታኛለች?»

«የጠራች ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል» አለች ቀስ ብላ። ለብዙ ጊዜ አየችኝ። በሃያ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያየኝ ሰው የለም። «አያ ደሴ፣ ደግ ሰው ነህ። አዝነህልኝ ነው።»

«እውነቴን ነው! ታቦት ይየኝ፣ እውነቴን ነው።»

«እውነትህን ከሆነ፣ ያን ጊዜ ሰርጉ ላይ ዋንጫውን ስሰጥህ ምነው አልነገርኸኝም? ሐሙስ ለት በአንድ ቃል ንገረኝ ስልህ ምነው ዝም አልኸኝ?»

«ፈልገህ እንዳትሄድባት ብላኝ ነው» ብል የመጀመሪያውን ይመልሳል፤ ሁለተኛውን አይመልስም። ዝናሽ ሲዲውን ጠቅልላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። «የቁጣዋ ነው ያለው እንግዲህ» አለች። «እሱኑ እወስዳለሁ።» ሸኝቻት አልወጣሁም። ራሄል በር ላይ ሆና እስክትርቅ ድረስ አየቻት።

በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ አንድ የትክል ድንጋይ ሰው ለጉርድ ፎቶ መጥቶ፣ ዝናሽ ለእናቷ ለቅሶ ተቀምጣለች ብሎ ነገረኝ። በማግሥቱ በአውቶቡስ ሄድሁ። ግቢዋ ውስጥ ሰው ሞልቷል፤ ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ ወንዶቹ በአንድ ወገን። አላየችኝም፤ ወይም አይታ እንዳላየች ሆናለች። ከወንዶቹ ጋር ዳር ላይ ተቀመጥሁ። አንዲት አሮጊት ከሴቶቹ መካከል፣ «እናትሽ ሳትሄድ ምን አለችሽ ልጄ?» ብላ ጠየቀቻት። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ የቁጣውን ቃል ለመስማት ተዘጋጀሁ።

«መጀመሪያ ተቆጣችኝ» አለች ዝናሽ። «ከዚያ እጇን አየችና አለቀሰች። ዝናሽ ልጄ፣ ይቅር ብዬሻለሁ አለችኝ። ወደ ውኃው ስንወርድ ጀርባዬ ላይ ተኝተሽ እንስራውን በእግርሽ ትመችው ነበር፣ አንድ ቀን ሰበርሽው፣ አልመታሁሽም፣ ትዝ ይልሻል? አለችኝ። ከዚያ ሳቀች።» ሴቶቹ እየየ አሉ። ዝናሽም አብራ አለቀሰች፤ ሃያ ዓመት የጠበቀች ሴት እንደምታለቅሰው።

እኔ ከዚህ ውስጥ የነገርኋት ጥቂቱን ነው። ጀርባ ላይ መታዘሏን አልነገርኋትም። እንስራው መሰበሩን አልነገርኋትም። ያንን ከየት አመጣችው? እሷ ራሷ ታስታውሰው ኖሮ ነው? እናቷ በእርግጥ ብለውት ነው? ወይስ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ አሮጊቷ ስትጠይቃት ነው የመጣላት? ልጠይቃት አስቤ ቀረብሁ፤ እጄን ይዛ፣ «መጣህ አያ ደሴ፣ እግዜር ይስጥህ» አለችኝ። ከዚህ በላይ አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። በዚያው ቀን ወደ ጎንደር ተመለስሁ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ሆነ። አንዳንድ ቀን ዓይኔን ጨፍኜ ያን የወለቃ ደጅ ለማየት እሞክራለሁ። ማሰሮዎቹ ይታዩኛል፣ በርጩማው ይታየኛል። እማማ ስንዱ ዝም ይላሉ፣ እጃቸውን ያያሉ፣ ቀና ይላሉ። ከዚያ አፋቸውን ከፍተው፣ ዝናሽ በለቅሶዋ ላይ የተናገረችውን ቃል በቃል ይናገራሉ፤ እንስራውን፣ ጀርባቸውን፣ ሳቁን። በልጃቸው ድምፅ ነው የሚናገሩት። ያን ቀን ከእሳቸው አፍ የሰማሁትን ቃል እፈልጋለሁ፤ የለም።